አሜሪካ ውስጥ ሬስቶራንትና ቡፌ ስንበላ ስንት ቲፕ እንስጥ? ደረጃ በደረጃ

ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ ወይም ቴክሳስ ውስጥ ሬስቶራንት ገብታችሁ የምታስተናግዳችሁ ልጅ ከቀጣሪዋ በሰዓት የምታገኘው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ሊሆን ይችላል። በሕግ የተፈቀደ ነው። የቤት ኪራይዋን፣ የመኪና ኢንሹራንሷን፣ ለቤተሰብ የምትልከውን ሁሉ የምትሸፍነው ከጠረጴዛ ላይ በምታነሳው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው።

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው ይህን ካልነገሩት ሁለት ዶላር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ክፋት የለበትም፤ አላወቀም። ሌላው ደግሞ ይሉኝታ ይይዘውና ቲፑ አስቀድሞ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ሳያይ እላዩ ላይ ሌላ ሃያ በመቶ ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ለእኔ ማን፣ ምን ያህል ሠራ? ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ተዉት። የክፍያ ማሽኑ ላይ በትልቁ የሚበራውን የቲፕ ቁጥርም ለጊዜው ተዉት። የተሠራላችሁን ሥራ ካያችሁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ 2 ዶላር ከ13 ከየት መጣ?

በ1966 የአሜሪካ ኮንግረስ የደመወዝ ሕጉን ሲያሻሽል የሬስቶራንት ሠራተኞችም በሕጉ እንዲታቀፉ አደረገ። በዚያው ግን ቀጣሪዎች ከዝቅተኛው ደመወዝ ከፊሉን ሠራተኛው በሚያገኘው ቲፕ እንዲያካክሱ ፈቀደላቸው። በ1991 የፌደራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ 4 ዶላር ከ25 ሲገባ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ከቀጣሪው የሚከፈለው ግማሹ ነበር። 2 ዶላር ከ13 የመጣው ከዚያ ነው። በ1996 ኮንግረስ ዝቅተኛውን ደመወዝ ሲጨምር የአስተናጋጆቹን እዚያው ተወው። አጠቃላዩ በ2009 ወደ 7 ዶላር ከ25 ወጣ። የአስተናጋጆቹ ግን ንቅንቅ አላለም።

የፌደራሉ ሕግ ቲፑ ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ካልሞላ ቀጣሪው ልዩነቱን ይሙላ ይላል። ይሄ ጥሩ ነው። ግን በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ይዞ ዛሬ ማን ቤት ይከራያል?

ሁሉም ስቴት አንድ አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ዋሺንግተን ስቴት፣ ኦሪገን፣ ኔቫዳ፣ ሚኒሶታ፣ ሞንታናና አላስካ ውስጥ ቀጣሪው የስቴቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ሙሉ ለሙሉ ይከፍላል፤ ቲፑ በላዩ ላይ የሚመጣ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ከቀጣሪው የሚመጣው ቢያንስ 3 ዶላር ከ63 ነው። ስለዚህ የምትበሉበትን ስቴት ማወቁ ይጠቅማል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ 2 ዶላር ከ13 በሚከፈልበት ስቴት ለደህና አገልግሎት 20 በመቶ መደበኛችሁ ይሁን። ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ከሆናችሁ ልማዱ ያው ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢሆንም፣ 15 ብትሰጡ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም።

ደረጃ 1፦ ከመግባታችሁ በፊት ቲፑን በጀቱ ውስጥ አስገቡ

ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ዋሺንግተን ዲሲን እንውሰድ። እዚያ የሬስቶራንት ምግብ ታክስ 10 በመቶ ነው። 20 ዶላር የሚል ምግብ አዘዛችሁ እንበል። ታክሱ 2 ዶላር፣ ቲፑ 4 ዶላር፤ 26 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ 22 ዶላር ብቻ ካለ የ20 ዶላሩን ምግብ አትዘዙ። የ15 ወይም የ16 ዶላሩን እዘዙና ቲፑን ሳትሳቀቁ ተዉ።

"ዛሬ አጠረኝ፣ ቲፑን ልቀንስ" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ይህን አስቀድሞ ካለማሰብ ነው። ያጠረው የእኛ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ጉድለቱን የምትሸከመው አስተናጋጇ ትሆናለች። ምግቡን መቀነስ ይቻላል። የተሠራውን ሥራ ግን ከተሠራ በኋላ መቀነስ አይቻልም።

ደረጃ 2፦ የገባችሁበትን ቤት ዓይነት ለዩ

ተቀምጣችሁ፣ አስተናጋጅ መጥታ ትእዛዝ ተቀብላ፣ ምግብ አምጥታ፣ ውኃ እየቀዳች፣ በመጨረሻ ሒሳብ የምታመጣበት ቤት ከሆነ ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። 15 ዝቅተኛው ነው። ከ15 በታች ስትሰጡ "ቅር ብሎኛል" እያላችሁ እንደሆነ እወቁት።

ባር ላይ ቆማችሁ አንድ መጠጥ ካዘዛችሁ በመጠጥ 1 ወይም 2 ዶላር ይበቃል። ብዙ ቅመም ያለው፣ የሚቀላቀልና የሚንቀጠቀጥ መጠጥ ከሆነ 2 ዶላሩን አድርጉ። ሒሳቡን ክፍት አድርጋችሁ ከቆያችሁ እንደ ሬስቶራንቱ በመቶኛ አስሉ።

ራሳችሁ ካውንተር ላይ አዛችሁ፣ ራሳችሁ ተሸክማችሁ፣ ራሳችሁ ሳህኑን የምትመልሱበት ቤት ቲፕ በፈቃዳችሁ ነው። ልጁ ታብሌቱን አዙሮ "አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል" ሲል ብዙ ሰው ላብ ያሰምጠዋል። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ልጁ ፊት ለፊት ቆሟል። "ኖ ቲፕ" የሚለውን መንካት ነውር አይደለም። ደንበኛ ከሆናችሁ፣ ወይም ትእዛዛችሁ ረጅምና አስቸጋሪ ከሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ጨምሩ።

ይዛችሁ የምትሄዱትን ምግብ ለማንሳት ብቻ ከመጣችሁም በፈቃዳችሁ ነው። ለአሥር ሰው ምግብ ያዘዛችሁ እንደሆነ ግን አንድ ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ቆጥሮ፣ ስጎውን ለይቶ፣ አሽጎ አስቀምጦላችኋል። 10 በመቶ ይገባዋል።

ቡፌው ሰፋ ያለ ነገር ስላለው ለብቻው እመጣበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ከላይ እስከ ታች አንብቡ

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ካርዳችሁን ወዲያው አታውጡ። ሠላሳ ሰከንድ ወስዳችሁ አንብቡት። ማንም አይቀየማችሁም።

መጀመሪያ የምትፈልጉት "ሰብቶታል" የሚለውን መስመር ነው። የምግቡና የመጠጡ ድምር፣ ታክስ ሳይጨመር ማለት ነው። ቲፕ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው። ታክሱ ለመንግሥት የሚሄድ ስለሆነ በታክስ ላይ ቲፕ የመክፈል ግዴታ የለባችሁም። ሰብቶታሉ 64 ዶላር፣ ታክሱ 6 ዶላር ከ40፣ ጠቅላላው 70 ዶላር ከ40 ነው እንበል። ሃያ በመቶ ከሰብቶታሉ 12 ዶላር ከ80 ይመጣል። ከጠቅላላው ካሰላችሁት 14 ዶላር ከ08 ነው። ልዩነቱ 1 ዶላር ከ28 ነው፤ ለዚህ አትጨነቁ። ሒሳቡ 600 ዶላር ሲሆን ግን ልዩነቱ 12 ዶላር ይደርሳል፤ ያኔ ማወቁ ይጠቅማል። ከደረሰኙ ግርጌ "18 በመቶ ይህን ያህል፣ 20 በመቶ ይህን ያህል" ብለው የሚያትሙት ቁጥር ብዙ ጊዜ ታክሱን ጨምሮ የተሰላ ነው። ስለዚህ አትመኑት፤ አረጋግጡት።

ቀጥሎ የምትፈልጉት ሁለት ቃላት ናቸው፦ "ግራቱዊቲ" (ቤቱ ራሱ የጨመረው ቲፕ) እና "ሰርቪስ ቻርጅ" (የአገልግሎት ክፍያ)። ብዙ ሬስቶራንቶች ስድስት ወይም ስምንት ሰውና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ስትመጡ 18 ወይም 20 በመቶ በራሳቸው ይጨምራሉ። ይህም ሜኑው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ስምንት ሆናችሁ 320 ዶላር በላችሁ እንበል። 18 በመቶው፣ ማለትም 57 ዶላር ከ60፣ ገብቷል። ከታች ግን አሁንም ባዶ የቲፕ መስመር አለ። ሳታዩት 20 በመቶ ጽፋችሁ ብትፈርሙ ሌላ 64 ዶላር ሄደ። 121 ዶላር ከ60 ቲፕ ከፍላችሁ ወጣችሁ ማለት ነው። ያ ባዶ መስመር በአብዛኛው "ተጨማሪ" ለመስጠት ለሚፈልግ ሰው የተተወ ነው። ካልፈለጋችሁ ሰረዝ አድርጉበትና ጠቅላላውን ጻፉ።

ሰርቪስ ቻርጅ ትንሽ ይለያል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በፌደራል ሕግ መሠረት ቤቱ በግዴታ የሚጨምረው ክፍያ ቲፕ አይባልም። ስሙ ምንም ይሁን ምን የድርጅቱ ገቢ ነው። ድርጅቱ ለአስተናጋጁ ሊሰጠው ይችላል፣ ለወጥ ቤት ሠራተኞችም ሊያከፋፍለው ይችላል፣ ሊያስቀረውም ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች ጠበቅ ያለ ሕግ አላቸው። ዲሲ ውስጥ በኅዳር 2022 ሕዝቡ የአስተናጋጆችን ደመወዝ ለማሳደግ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ብዙ ሬስቶራንቶች ሰርቪስ ቻርጅ መጨመር ጀምረዋል። አንዱ ጋ 5 በመቶ፣ ሌላው ጋ 20 በመቶ ታያላችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠይቁ። "ይቅርታ፣ ይህ ሰርቪስ ቻርጅ ለእናንተ ይደርሳል?" ብላችሁ በትሕትና አስተናጋጇን ጠይቋት። ነውር የለውም፤ ብዙዎቹ ስትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። "አዎ፣ የእኛ ነው" ካለች፣ ክፍያውም 18 ወይም 20 በመቶ ከሆነ፣ ሌላ መጨመር አይጠበቅባችሁም። "ለእኛ አይደርስም" ካለች መደበኛውን ቲፕ ተዉላት። በሰርቪስ ቻርጁ ቅር ካላችሁ ቅሬታችሁን ለሥራ አስኪያጁ ንገሩ። 3 ወይም 5 በመቶ ብቻ ከሆነ እንደ ቲፕ አትቁጠሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት ቲፕ የሚያገኙ ሠራተኞች በዓመት እስከ 25 ሺህ ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌደራል የገቢ ግብር ስሌት ማስቀነስ እንዲችሉ ሕግ ወጥቷል። ጥቅሙ የሚሠራው ግን ደንበኛው በፈቃዱ ለሰጠው ቲፕ ነው። በግዴታ የተጨመረ ክፍያ አይቆጠርም። በፈቃዳችሁ የጻፋችሁት ቁጥር ለእነሱ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ቅናሹን ተመልከቱ። ኩፖን፣ ጊፍት ካርድ ወይም "አንዱን ስትገዙ ሌላው በነጻ" የሚል ነገር ከተጠቀማችሁ ቲፑን ከቅናሹ በፊት በነበረው ዋጋ አስሉ። ሁለቱም ሳህኖች ጠረጴዛችሁ ላይ ደርሰዋል። ቅናሹን የሰጣችሁ ባለቤቱ እንጂ አስተናጋጇ አይደለችም።

ደረጃ 4፦ አስሉት

ስልክ ማውጣት አያስፈልግም። ነጥቧን አንድ ቤት ወደ ግራ ግፏት፤ 10 በመቶ መጣ። 46 ዶላር ከ80 ከሆነ 4 ዶላር ከ68 ነው። እጥፍ አድርጉት፤ 20 በመቶ፣ 9 ዶላር ከ36። ለ15 በመቶ ደግሞ በ4 ዶላር ከ68 ላይ ግማሹን፣ 2 ዶላር ከ34ን ጨምሩ፤ 7 ዶላር ከ02። ለ18 በመቶ የሃያውን አስልታችሁ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛውን አንሱ፤ 8 ዶላር ከ42 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ሙሉ ዶላር አጠጋጉት።

"ታክሱን እጥፍ አድርግ" የሚል አቋራጭ የሚጠቀም ሰው አለ። ዲሲ ላይ ታክሱ 10 በመቶ ስለሆነ ልክ 20 ይመጣል። ኒውዮርክ ከተማ 8 ነጥብ 875 ስለሆነ 18 ገደማ ይሆናል። ኦሪገን ግን የሽያጭ ታክስ የሚባል ነገር የለም፤ የዜሮ እጥፍ ዜሮ ነው። ስለዚህ ይህን አቋራጭ የምትጠቀሙት የከተማውን ታክስ ስታውቁ ብቻ ነው።

በመቶኛው የማይሠራበት ቦታም አለ። አንድ ቡናና አንድ ኬክ አዝዛችሁ 9 ዶላር ሒሳብ መጣ። 20 በመቶ 1 ዶላር ከ80 ነው። ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጣችሁ ስታወሩ ነበር። አስተናጋጇ ቡናውን ሦስቴ ሞልታላችኋለች። ከሁሉ በላይ ጠረጴዛዋን ይዛችሁባታል። እናንተ ባትቀመጡ ኖሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ይበላ ነበር። እዚህ ላይ 5 ዶላር ተዉ። ሻይ ይዞ ረጅም ጨዋታ የሚወድ ሰው ይህን ነገር ልብ ቢለው ደስ ይለኛል።

ደረጃ 5፦ ቡፌ ላይ ሥራውን ቁጠሩ

ቡፌ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ "ምግቡን ራሴ አነሳሁ፤ ቲፑ የምን ነው?" ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ጠረጴዛችሁ ላይ ይገኛል።

ተቀምጣችሁ እዩ። መጠጡን ማን አመጣው? ማን ደግሞ ሞላው? አንድ ሰው ቡፌ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ሳህን ያነሳል። አራት ሰው ከሆናችሁ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት ሳህን ማለት ነው። አጥንት ያለበት፣ የክራብ ቅርፊት የተከመረበት፣ ስጎ የፈሰሰበት ሳህን። እናንተ ለሁለተኛ ዙር ተነስታችሁ ስትመለሱ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ሳህኖቹ ተነስተው፣ አዲስ ሶፍትና ሹካ ተቀምጦ ካገኛችሁት ያንን ያደረገ ሰው አለ። ብዙ ቡፌ ቤቶች ውስጥ ይህ ሰው የሚከፈለው በዚያው በቲፕ ሠራተኛ ደመወዝ ነው።

ስለዚህ መጠጥ የሚያመጣና ሳህን የሚያነሳ ሰው ካለ 10 በመቶ መነሻ ነው። ሁለት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ በ25 ዶላር ከበላችሁ 5 ዶላር ይሆናል። መጠጣችሁ ሳይጎድል እየተሞላ፣ ሳህኑ ሳይከመር እየተነሳ፣ የጠየቃችሁት ሁሉ እየመጣ ከቆየ 15 በመቶ አድርጉት። ሆቴል ውስጥ ያለ የእሑድ ብራንች (ቁርስና ምሳ የተቀላቀለበት) ቡፌ፣ ቡናና ጁስ እየዞሩ የሚቀዱበት፣ ከ15 እስከ 18 ይገባዋል።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በልጆቹ ግማሽ ዋጋ ብቻ አታስሉ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ሩዝና የፈሰሰውን ጁስ አይታችሁ ጥቂት ዶላር ጨምሩ። ትልቁን ትልቁን ራሳችሁ ሰብስባችሁ ሳህን ላይ ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ያስደስታቸዋል።

ከቡፌ ጋር የሚምታታ ሌላ ዓይነት ቤት አለ። በአንድ ዋጋ የፈለጋችሁትን ያህል የምትበሉበት፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ የምታዙበት። የኮሪያ ባርቤኪው፣ ሆት ፖት (ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ መረቅ የሚበስል ምግብ)፣ አንዳንድ የሱሺ ቤቶች እንዲህ ናቸው። እዚህ ዋጋው እንደ ቡፌ ቢሆንም ሥራው የሬስቶራንት ነው። እንዲያውም ይበልጣል። የኮሪያ ባርቤኪው ቤት አስተናጋጁ ስጋውን በየዙሩ ያመጣል፣ መጥበሻውን እያነሳ ይቀይራል፣ አንዳንዴም ራሱ ቆሞ ይጠብስላችኋል። ከ18 እስከ 20 በመቶ ስጡ። "ቡፌ ነው" ብላችሁ 10 በመቶ ትታችሁ ብትወጡ ያሳዝናል።

ማንም የማያስተናግድበት ቡፌም አለ። መጠጡን ከማሽን ትቀዳላችሁ፣ ትሪውን ራሳችሁ ትመልሳላችሁ። እዚያ ቲፕ አይጠበቅም። ኦምሌት የሚሠራ ወይም ስጋ የሚቆርጥ ሼፍ ፊት ለፊቱ ማሰሮ ካስቀመጠ 1 ዶላር ጣሉበት፤ ካላስቀመጠ አመስግኑት። በክፍሉ ዋጋ ውስጥ የተካተተ የሆቴል ቁርስ ሲሆን ሒሳብ ስለማይመጣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቡና የሚቀዳና ጠረጴዛ የሚያጸዳ ሰው ካለ በሰው 1 ወይም 2 ዶላር ጠረጴዛው ላይ ተዉ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። ብዙ ቡፌ ቤቶች ስትገቡ ያስከፍሏችኋል፤ ማሽኑም ገና ሳትቀመጡ ቲፕ ይጠይቃል። ማን እንደሚያስተናግዳችሁ ሳታውቁ ምን ልትጽፉ ነው? የእኔ ምክር ካሽ ይዛችሁ ሂዱ ነው። መግቢያው ላይ ቲፑን ዝለሉትና ስትጨርሱ ጠረጴዛው ላይ፣ ቢቻል በእጃቸው፣ ስጡ። ካሽ ከሌላችሁ መግቢያው ላይ 10 በመቶ ጻፉና ገንዘብ ተቀባዩን "ይህ ለአስተናጋጁ ነው የሚሄደው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለቡፌ ጉዞ የአንድና የአምስት ዶላር ዝርዝር ኪስ ውስጥ መያዝ ብዙ ነገር ያቀላል።

ደረጃ 6፦ አገልግሎቱ ካላስደሰታችሁ

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ። ምግቡ ዘገየ? ወጥ ቤቱ ይሆናል። ጨው በዛበት? ሼፉ ነው። ጠረጴዛ ለማግኘት አርባ ደቂቃ ጠበቃችሁ? ቤቱ ሞልቶ ነው። አስተናጋጇ በዚህ ሁሉ መካከል እየመጣች "ይቅርታ፣ እያየሁላችሁ ነው" ካለች ሥራዋን ሠርታለች። ሙሉ ቲፕ ይገባታል። ቅሬታውን ለሥራ አስኪያጁ ንገሩት። ምግቡን ሊቀይር ወይም ከሒሳቡ ሊያነሳ የሚችለው እሱ ነው።

ጥፋቱ የአስተናጋጁ ከሆነ፣ ማለትም ትእዛዛችሁን ረስቶ፣ አንዴም ሳይመለስ፣ ወይም አንገላትቷችሁ ከሆነ፣ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ዜሮ የምሰጠው ስድብ ወይም ንቀት ካለ ብቻ ነው፤ ያኔም ለሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ተናግሬ ነው። ምንም ሳይናገሩ ዜሮ ጽፎ መውጣት ምንም አያስተካክልም። ሰውየው "እነዚህ ሰዎች ቲፕ አያውቁም" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ጥፋቱን አያውቀውም። በዚያ ላይ ቲፑ የእሱ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤቶች ከዚያ ላይ ሳህን ለሚያነሳው ልጅና ለባርቴንደሩ ይከፈላል። ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ግን ከሠራተኛ ቲፕ ድርሻ እንዳይወስዱ በ2018 የወጣ የፌደራል ሕግ ይከለክላል።

ደረጃ 7፦ በቡድን ስትበሉ

እዚህ ላይ የእኛን ጠባይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሒሳብ ሲመጣ "እኔ ልክፈል"፣ "ሞቼ እገኛለሁ"፣ "እግዜርን አትከፍልም" ይባላል። ፍቅር ነው። ግን በግብግቡ መሀል ቲፑ ይጠፋል። ከፋዩ "እነሱ ካሽ ይተዋሉ" ይላል፤ የቀሩት "እሱ ካርድ ላይ ጽፏል" ብለው ይነሳሉ። ወይም ሁሉም በየፊናው አሥር አሥር ዶላር ያስቀምጣል። ስለዚህ የከፈለውን ሰው በግልጽ ጠይቁት፦ "ቲፑን አስገብተሃል ወይስ እኛ እንተው?" ሒሳቡን ለከፈለላችሁ ሰው ቲፑን መሸፈን ደግሞ ጥሩ ልማድ ነው። እሱም በቀላሉ እሺ ይላል።

ተካፍላችሁ የምትከፍሉ ከሆነ አንድ ሰው ያስላ። አምስት ሆናችሁ ሰብቶታሉ 150 ከሆነ ቲፑ 30 ነው፤ በሰው 6 ዶላር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲያስል አንዱ ታክሱን ይረሳል፣ ሌላው ቲፑን። ጉድለቱም ሁልጊዜ ቲፑ ላይ ያርፋል። በየካርዳችሁ እንዲከፈል ከፈለጋችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ለአስተናጋጇ ንገሯት። መጨረሻ ላይ መንገር ሥራዋን ያበዛባታል።

ደረጃ 8፦ ስትከፍሉ

በካርድ ስትከፍሉ ሁለት ወረቀት ይመጣል። አንዱ የቤቱ ነው፣ አንዱ የእናንተ። ቲፑን መጻፍና መፈረም ያለባችሁ በቤቱ ላይ ነው። ተሳስታችሁ ቤቱ የሚያስቀረውን ይዛችሁ ብትወጡ የጻፋችሁት ቲፕ አስተናጋጇ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። የቲፑን ቁጥር ጻፉ፣ ደምሩና ጠቅላላውን ግልጽ በሆነ ቁጥር ጻፉ። 1 እና 7 እንዳይመሳሰሉ ተጠንቀቁ። ቲፑን በካሽ የምትተዉ ከሆነ መስመሩን ባዶ አትተዉት። "ካሽ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ጠቅላላውንም ያለ ቲፕ ሙሉት።

ታብሌት ከሆነ የሚመጡት ቁልፎች 18፣ 20፣ 25 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። መሀሉ ላይ ያለውን የግድ መንካት የለባችሁም። "ካስተም" የሚለውን ነክታችሁ ያሰላችሁትን ራሳችሁ አስገቡ።

ካርዳችሁን በከፈላችሁበት ቀን አካውንታችሁ ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ቲፑ ያልገባበት ቁጥር ነው። ቲፑ የሚጨመረው ክፍያው ሲያልቅ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ የእናንተን ወረቀት ለሳምንት ያህል አስቀምጡት። የመጨረሻው ቁጥር ከጻፋችሁት ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ ሬስቶራንቱ ጋ ደውሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአጻጻፍ ስህተት ሆኖ ወዲያው ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ወረቀቱን ይዛችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ።